ሲስተሙ የዘገየበት ቀን

ፒያሳ ላይ ጉዳይ ለማስፈጸም ወጥቶ «ሲስተም የለም» ተብሎ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። መልሱን ለምደነዋል፤ ማኪያቶ ጠጥተን እንመለሳለን፣ ካልሆነም ለነገ እናሳድረዋለን። ከዚህ የባሰ የሚያደክመው «ሲስተሙ አለ፤ ግን ይጎተታል» የሚለው ነው። ሲስተም ጨርሶ ሲጠፋ ስልክ ይደወላል፣ ባለሙያ ይጠራል፣ አለቃ ይቆጣል። ሲጎተት ግን ሁሉም ቀስ በቀስ ይለምደዋል። አምና በአንድ ደቂቃ ያልቅ የነበረው ምዝገባ ዘንድሮ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ሰልፉ ከደረጃው ወርዶ አስፋልቱ ጫፍ ይደርሳል። ሠራተኛዋ ሰው በዝቶ ነው ትላለች፤ ተሰላፊው ሠራተኛዋ ናት ይላል። ኮዱ ተለውጦ ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ አይኖርም።

ይህ ዳሰሳ ስለዚያ ለውጥ ነው። ፈጣን የነበረ ሶፍትዌር ሲዘገይ፣ ከብዙ መቶ ለውጦች መካከል ያዘገየው የትኛው እንደሆነ በኮዱ የታሪክ መዝገብ እንዴት እንደሚገኝ፣ ዘዴው ከየት እንደመጣ፣ የት እንደሚያሳስትና በእኛ ከተማ ለምን እንደሚከብድ ለማየት እሞክራለሁ። ፒያሳ ውስጥ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በምትገኝ አነስተኛ የሶፍትዌር ቤት ለዓመታት ስለሠራሁ ብዙውን የምናገረው ካየሁት ተነሥቼ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ዓይነት ስህተቶችን መለየት ይጠቅማል። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በሰዓታት ውስጥ ተዳረሰ፤ ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ተሠራ፤ ባንኩም አገልግሎቱን ለጊዜው አቋረጠ። በኋላ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተገለጸ፤ ባንኩ የወጣውን ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ አድርጎ አስታወቀ። እንዲህ ያለ ስህተት የተወለደበት ሰዓት ይታወቃል። ፈላጊው «ከዚህ ሰዓት በፊት ምን ተቀየረ?» ብሎ ይጀምራል፤ ግማሹ ሥራ ተሠርቶለታል። ዝግታ ግን የተወለደበትን ሰዓት አይናገርም። ቅሬታው የሚደርሰን ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በኮዱ ላይ ስንት እጅ አልፏል።

ስለዚህ የምንፈልገው አንድ ቀን ነው። እንዴት እንደሚፈለግ ለማስረዳት ከሠፈራችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት የፒያሳ መልሶ ማልማት ሲጀመር ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ የነበሩ ቤቶች ፈረሱ። አንድ የማውቀው ቤት በየትኛው ቀን እንደፈረሰ ማወቅ ፈለግሁ እንበል፤ ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን 5 በየቀኑ ከአንድ ቦታ የተነሣ ፎቶ አለኝ። 365ቱን በተራ ማየት አያስፈልገኝም። የመሐሉን አነሣለሁ፦ የካቲት መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ቤቱ ቆሟል። እንግዲያው ከዚያ በፊት ያለውን ግማሽ በሙሉ እተወዋለሁ። ከቀረው ግማሽ ደግሞ የመሐሉን አነሣለሁ፤ ቤቱ የለም። በዚህ አካሄድ ቢበዛ በ9 ፎቶ የፈረሰበትን ቀን እደርስበታለሁ። ፎቶዎቹ ሺህ ቢሆኑ 10 ማየት ይበቃል፤ ሚሊዮን ቢሆኑ 20።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ፎቶው በየቀኑ ከተነሣና ቀኑ ከተጻፈበት ብቻ ነው። ቤቱ ፈርሶ፣ ተሠርቶ፣ እንደገና ፈርሶ ከሆነ ደግሞ ዘዴው ከሁለቱ ቀኖች አንዱን ያሳየኛል፤ የትኛውን እንደሆነ አይነግረኝም። ወደ መጀመሪያው ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

ለኮድ በየቀኑ ፎቶ የማንሣቱ ልማድ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1972 ማርክ ሮችካይንድ በቤል ላብስ የለውጥ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ሠራ፤ በ1980ዎቹ አርሲኤስና ሲቪኤስ፣ በ2000 ሰብቨርዥን ተከተሉ። በመዝገቡ ታሪክ ውስጥ በግማሽ በግማሽ እየከፈሉ አጥፊውን ለውጥ መፈለግን በጽሑፍ ካቀረቡት መካከል ቀደምት የሆኑት የክሬይ ሪሰርች ባለሙያዎች ብራያን ኔስና ቪየት ንጎ ናቸው፤ ጊዜው 1997 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጀርመናዊው አንድሪያስ ዜለር አንድ የታወቀ ችግር አነሣ። ጂዲቢ የተባለው የስህተት ማፈላለጊያ ከ4.16 ወደ 4.17 ሲሸጋገር ዲዲዲ ከተባለው ሌላ ፕሮግራም ጋር መሥራት አቆመ። በሁለቱ እትሞች መካከል 178,000 መስመር ተቀይሯል። ዜለር ለውጦቹን በራሱ እየከፋፈለ የሚሞክር ዘዴ ሠርቶ አጥፊውን አገኘው፤ በአንድ የእገዛ ጽሑፍ ውስጥ የተለወጠ አንድ ሐረግ ነበር። ዲዲዲ ያንን ሐረግ ቃል በቃል ያነብበው ኖሯል።

ዛሬ ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ጊት በሚያዝያ 2005 (እ.ኤ.አ.) በሊነስ ቶርቫልድስ እጅ ተጀመረ። የሊነክስ ከርነል ሠራተኞች ይገለገሉበት የነበረው ቢትኪፐር ነፃ ፈቃዱን ስላነሣባቸው ነው። ባይሴክት የተባለው ትእዛዝ በዚያው ዓመት ተጨመረ፤ በ2007 ደግሞ ፍለጋውን ያለ ሰው እጅ እስከ መጨረሻ የሚያካሂደው አማራጭ መጣ። አሠራሩ ከላይ ካልሁት የፎቶ ፍለጋ አይለይም። «ይህ ኮሚት (በመዝገቡ የገባ አንድ ለውጥ) ደህና ነበር፤ ይህ መጥፎ ነው» ብለህ ትነግረዋለህ፤ የመሐሉን አውጥቶ ይሰጥሃል፤ ትሞክርና ደህና ወይም መጥፎ ትላለህ፤ ሌላ መሐል ያወጣል። የማይነሣ እትም ካጋጠመህ ዝለለው ትለዋለህ።

ጽንሰ ሐሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነው። አስቸጋሪው ቦታ «ደህና ወይም መጥፎ» የምትለው ቃል ናት። ፕሮግራሙ ከወደቀ መልሱ ግልጽ ነው። ዝግታ ግን መጠን ነው፤ አሁን 2 ሰከንድ፣ ቀጥሎ 2.3፣ ከዚያ 1.9። አንዱን ልኬት ተሳስተህ «ደህና» ካልህ ባይሴክት ትክክለኛውን ግማሽ ጥሎ በተሳሳተው ውስጥ ይቀጥላል፤ በመጨረሻም አንድ ንጹሕ ኮሚት በሙሉ ልብ ያስረክብሃል። የጓደኛህ ስም ያለበት ኮሚት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልኬት ላይ መቸኮል ሰውን መበደል ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

ልኬት ምን ያህል አታላይ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2009 ቶድ ሚትኮዊችና ሦስት ባልደረቦቹ አሳይተዋል። የኮምፒውተሩ የአካባቢ መረጃ ርዝመት ወይም ፋይሎቹ የተገጣጠሙበት ቅደም ተከተል ሲለወጥ ብቻ የአንድ ፕሮግራም ፍጥነት ይለዋወጣል፤ ኮዱ ግን አልተነካም። የቅርቡ ምሳሌ ደግሞ የፓይተን ነው። በ2025 መጀመሪያ አዲሱ የፓይተን አስተርጓሚ ከ10 እስከ 15 በመቶ ፈጥኗል ተብሎ ብዙ ሰው ተደስቶ ነበር። ኔልሰን ኤልሃጅ ሲመረምረው የመነጻጸሪያው እትም የተሠራበት ክላንግ 19 ኮምፓይለር አሮጌውን አስተርጓሚ አዝግሞት ኖሯል፤ አዲሱ በእውነት የፈጠነው ከ1 እስከ 5 በመቶ ገደማ ነው። የፓይተንን መዝገብ ሙሉ ቀን ቢያገላብጡት ይህ አይገኝም፤ ለውጡ ያለው በሌላ ፕሮጀክት መዝገብ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ገጠመኝ ልምጣ፤ ሁሉንም ነገር ያስተማረኝ እርሱ ነው።

ለአንድ ክሊኒክ የታካሚ ምዝገባ ሠርተን ነበር። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ በዕድሜ የገፉ፣ ከወረቀት ካርድ ዘመን ጀምሮ እዚያው የቆዩ እናት ናቸው። አንድ ጠዋት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሲስተሙ ደክሞታል። ስም ስጽፍለት ያስባል፣ ያስባል፤ በሽተኛው ፊቴ ቆሞ ያየኛል።» መቼ እንደጀመረው ጠየቅኋቸው። «እሱን እንጃ። በጥቅምት ደህና ነበር።» ያን ጊዜ ታኅሣሥ አጋማሽ ነበር።

ሁሉም የየራሱን ተጠርጣሪ ይዞ መጣ። የኔትወርክ ባለሙያው ስዊቹን ቀየረ። ሌላው ቫይረስ ነው አለ። ሜሞሪ ተጨመረ። እኔ ደግሞ የታካሚው ቁጥር ስለጨመረ ነው ብዬ ለሁለት ቀን ራሴን አሳመንሁ። ይህ የመጨረሻው ጥርጣሬ በጣም አሳሳች ነው፤ መረጃ ሲበዛ ሲስተም መዝገሙ እውነት ስለሆነ ሰው መፈለጉን ያቆማል። መውጫው አንድ ብቻ ነው፦ የዛሬውን ዳታቤዝ ቅጂ ይዞ በዚያው ላይ የጥቅምቱን ኮድና የዛሬውን ኮድ ማስኬድ። መረጃው እኩል ሲሆን ልዩነት ካለ ልዩነቱ የኮዱ ነው። አደረግሁት። የጥቅምቱ ከአንድ ሰከንድ በታች መለሰ፤ የታኅሣሡ 11 ሰከንድ ፈጀበት።

በሁለቱ መካከል 120 ገደማ ኮሚቶች ነበሩ፤ ሰባት እርምጃ ማለት ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ዓይነት ስም ሰባት ጊዜ እየፈለግሁ የመሐለኛውን ውጤት ያዝሁ፤ የመጀመሪያውን ሙከራ ሁልጊዜ ጣልሁት፣ ምክንያቱም ዳታቤዙ ገና ከዲስክ እያነበበ ስለሆነ ነው። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ኮዱ አልነሣ አለ፤ ያ እትም የዳታቤዙን ቅርጽ የሚቀይር ሥራ በግማሽ ላይ ያለበት ነበር። ኮድ ወደ ኋላ ሲመለስ ዳታቤዝ አብሮት አይመለስም፤ በእኛ ዓይነት ሥራ ውስጥ ትልቁ እንቅፋት ይህ ይመስለኛል። ዘለልሁት። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ፍለጋው አለቀ።

አጥፊው ኮሚት መልእክቱ አንድ ቃል ነው፦ «ማስተካከያ»። ውስጡ አሥራ ሦስት ፋይል ነክቷል፤ የደረሰኝ ቅርጽ፣ የቀለም ለውጥ፣ የቀን አቆጣጠር፣ እና ከሁሉም መሐል ሁለት መስመር የስም ፍለጋ።

ሁለቱ መስመሮች የሚሠሩት ማንም አማርኛ አንባቢ የሚረዳውን ነገር ነው። ፊደላችን አንድ ድምፅ በብዙ መልክ ይጽፋል፤ ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ፤ ዓለም፣ አለም፤ ሠናይት፣ ሰናይት። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ብቻ ብንወስድ በ«ፀ» እና በ«ጸ»፣ እንዲሁም በስድስቱ የ«ሀ» ድምፆች 12 አጻጻፍ ይወጣዋል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ፊደላችንን ሲያካትት ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ሰጠው፤ ትክክልም ነው፣ በትግርኛ ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ ድምፃቸው ይለያያል፣ የግእዝ አጻጻፍም ይለያቸዋል። በውጤቱ ግን ኮምፒውተሩ ኃይሉንና ሀይሉን ሁለት ሰው አድርጎ ያያቸዋል። የሥራ ባልደረባዬ ይህን ለመፍታት እያንዳንዱን ስም ወደ አንድ ዓይነት ፊደል እየለወጠ የሚያነጻጽር ሥራ ጻፈ። ፍለጋው ትክክል ሆነ። ነገር ግን ዳታቤዙ ስሞችን በቅደም ተከተል የደረደረበት ኢንዴክስ ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ስሙ ከመነጻጸሩ በፊት መለወጥ ካለበት የቀድሞው ድርድር ምንም አይረዳም፣ ሁሉም ካርድ አንድ በአንድ ይወጣል። በባልደረባዬ ላፕቶፕ ላይ ሁለት መቶ የሙከራ ስም ብቻ ስለነበር ልዩነቱ አልታየውም። በክሊኒኩ ግን የዓመታት ታካሚ አለ።

እኔም ቸኮልሁ። አጥፊው ተገኝቷል፣ ልቀልብሰው ብዬ ጣቴን አነሣሁ። ግን «ማስተካከያ» የሚለው ቃል ስላላጠገበኝ ባልደረባዬን ለምን እንደጻፈው ጠየቅሁት። «እትዬ ናቸው የጠየቁኝ» አለ፤ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋን ማለቱ ነው። በኅዳር አንዲት ታካሚ ስሟ በሌላ ፊደል ስለተመዘገበ አልተገኘችም፤ አዲስ ካርድ ወጣላት፤ የመድኃኒት አለርጂዋ የተጻፈው በአሮጌው ካርድ ላይ ነበር። እትዬ በጊዜው ደረሱበት። ዝግታው የመጣው በዝግታው በተማረሩት በራሳቸው በእትዬ ጥያቄ ነው፤ ያውም ከፍጥነት ለበለጠ ጉዳይ። ቀልብሼው ቢሆን ኖሮ ሲስተሙ ይፈጥን፣ ያ አደጋም ይመለስ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነበር። አንድ ወጥ የሆነውን ስም በምዝገባ ጊዜ አንዴ ለውጦ በራሱ ዓምድ ማስቀመጥና ለዚያ ዓምድ ኢንዴክስ መሥራት። ፍለጋው እንደገና ከሰከንድ በታች ሆነ፣ ኃይሉም በሁሉም ፊደል ይገኛል። ኮሚቱን ስጽፍ ግን ረጅም መልእክት ጻፍሁ፤ የታካሚዋን ስም ሳልጠቅስ የሆነውን ሁሉ፣ ይህ ቢነሣ ምን እንደሚመጣ ጭምር።

ከዚያ ወዲህ የታሪክ መዝገብ ዋጋ ለእኔ ተለውጧል። ባይሴክት «የትኛው ለውጥ» የሚለውን ይነግርሃል። ለውጡ ለምን እንደመጣ የሚነግርህ ያኔ የጻፈው ሰው ብቻ ነው። በዓለም ትልልቅ ፕሮጀክቶችም የሚያከራክረው ይኸው ነው። በኅዳር 2018 (እ.ኤ.አ.) የሊነክስ 4.20 ዝግጅት እትም በአንዳንድ ሥራዎች ላይ በጣም መዝገሙን ፎሮኒክስ የተባለው ድረ ገጽ አዘጋጅ ማይክል ላራቤል ለካ፤ በባይሴክት ሲከታተለው ስፔክተር የተባለውን የፕሮሰሰር ጥቃት ለመከላከል የተጨመረ ጥበቃ ሆኖ ተገኘ። ቶርቫልድስ በአንዳንድ ሥራ ላይ ፍጥነትን እስከ 50 በመቶ የሚቀንስ ጥበቃ ለሁሉም ሰው በግድ መብራት የለበትም አለ፤ በመጨረሻ ጥበቃው ሳይጠፋ ለሚያስፈልገው ብቻ እንዲሆን ተደረገ። እዚያም የመጨረሻው መልስ መቀልበስ አልነበረም።

ሰው ከመማረሩ በፊት ዝግታን የሚይዙ ማሽኖችም አሉ። ኢንቴል የሚያስተዳድረው የከርነል መሞከሪያ ሮቦት ለውጦችን እየተከታተለ ይለካል፣ ራሱ ባይሴክት ያደርጋል፣ ለጸሐፊው ደብዳቤ ይልካል። በ2024 አንድ የማስታወሻ አደላደል ማስተካከያ በአንድ ሙከራ ላይ 3,888.9 በመቶ ማሻሻያ ማምጣቱን ዘገበ። ቁጥሩ ብዙ ሰው አስደንቋል፤ እኔን ይበልጥ የሳበኝ ማስተካከያው ቀደም ብሎ በገባ ሌላ ለውጥ የመጣን ዝግታ ለመጠገን የተጻፈ መሆኑ ነው። ሞንጎዲቢም በ2020 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ በተወሰነ በመቶ ሲዘገይ የሚጮህ ደወል ከመትከል የልኬቶቹ ደረጃ ከየት ላይ እንደተሸጋገረ በስታቲስቲክስ መፈለግ ይሻላል። ደወል በየሌሊቱ ያለ ምክንያት ከጮኸ ሰው መስማቱን ይተዋል።

መዝገብ ላይ ሙሉ እምነት ለሚጥል ሰው ግን ኤክስዜድ የተባለውን የፋይል ማመቂያ ታሪክ ማወቅ ግድ ነው። መጋቢት 29 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሠራተኛው አንድሬስ ፍሮይንድ ከርቀት ወደ ኮምፒውተር የመግባቱ ሥራ ከ0.3 ሰከንድ ወደ 0.8 ሰከንድ መዝለሉን ተከታትሎ ያገኘውን ለዓለም አሳወቀ። በኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር ነበር። የግማሽ ሰከንድ ዝግታ ስንት ሺህ ሰርቨር አዳነች። ሆኖም የኋላ በሩን የሚቀሰቅሰው ጽሑፍ በጊት መዝገቡ ውስጥ አልነበረም፤ ለሕዝብ በተለቀቀው የታሸገ ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር የገባው። መዝገቡን እያገላበጠ የፈለገ ሰው ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። የሚሮጠው ነገር ከተመዘገበው ነገር እኩል መሆኑን ማረጋገጥ የፍለጋው የመጀመሪያ እርምጃ ሊሆን ይገባል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ከተማ ችግር የሚጀምረው። ባየኋቸው ቢሮዎች ብዙ ጊዜ የሚሮጠው አንድ ነው፣ የተመዘገበው ሌላ። ደንበኛ ሲያጣድፍ ፕሮግራመሩ ቦታው ድረስ ሄዶ ሰርቨሩ ላይ ኮዱን በቀጥታ ያርማል፤ እርማቱ ወደ ጊት ሳይመለስ ይቀራል። ሌላ ቦታ ጊት ጨርሶ የለም፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» የተባሉ ፎልደሮች በፍላሽ ይዞራሉ። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ሰነፎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ሌሊት የሚሠሩ ናቸው። በግማሽ እየከፈሉ መፈለግን በትምህርት ቤት በተደረደሩ ቁጥሮች ላይ ተምረነዋል፤ በራሳችን ሥራ ታሪክ ላይ ልንጠቀምበት እንደምንችል ግን የነገረን አልነበረም።

ጊት ላላቸውም ቢሆን ዓርብ ማታ አንድ ጊዜ «የሳምንቱ ሥራ» ብሎ ማስገባት የተለመደ ነው። ባይሴክት ሳምንቱን ያገኝልሃል፤ ከዚያ በኋላ በሁለት ሺህ መስመር ውስጥ በዓይንህ ትፈልጋለህ። አንድ ኮሚት አንድ ነገር ብቻ ይያዝ የሚለው ምክር ለብዙዎች የሥርዓት ጉዳይ ብቻ ይመስላቸዋል፤ የፎቶው ምሳሌ ግን ያሳያል፣ በወር አንዴ ለሚያነሣ ሰው ቤቱ የፈረሰው «በሆነ ወር» ነው።

ኢንተርኔት ስለሚቆራረጥ ጊት አይሆነንም የሚሉም አጋጥመውኛል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። በጊት እያንዳንዱ ቅጂ ሙሉውን ታሪክ ይዞ ስለሚዞር ለመመዝገብም ሆነ ለባይሴክት ኔትወርክ አያስፈልግም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ በተቋረጠ ጊዜ እኛ በየላፕቶፓችን ሥራችንን መዝግበን፣ በፍላሽ እየተቀያየርን አዋህደናል።

ከሁሉም የሚከብደው የተገዛ ሲስተም ነው። ኮዱ ያለው ከባሕር ማዶ ሻጩ ዘንድ ነው፣ ታሪኩም እዚያው። ገዢው በእጁ ያለው የእትም ቁጥርና የተጫነበት ቀን ብቻ ነው፤ ያም ከተጻፈ። ግን በእርሱም መፈለግ ይቻላል። የአሮጌ እትሞቹን መጫኛ ያስቀመጠ ቢሮ በሙከራ ማሽን ላይ በየእትሙ መሐል እየገባ መለካትና ሻጩን «ከዚህ እትም ወደዚህ ስትሻገሩ ነው የዘገየው» ብሎ በልኬት መጠየቅ ይችላል። እንዲህ ተጠይቆ «የእናንተ ኔትወርክ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሻጭ እምብዛም አላየሁም።

እኛ ለክሊኒኩ ልኬትም የእትም መዝገብም አዘጋጅተናል። በየሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ሰርቨሩ በሙከራ ቅጂው ላይ አሥር ስሞችን ይፈልጋል፣ የፈጀበትን ጊዜ ከኮሚቱ ቁጥር ጋር ይጽፋል። ከዚህ ሌላ የካርድ ክፍሉ በር ጀርባ በምስማር የተንጠለጠለ ባለመስመር ደብተር አለ። አዲስ ነገር በጫንን ቁጥር ቀኑን፣ የእትሙን ቁጥርና ለምን እንደሆነ እንጽፍበታለን። በቀኝ በኩል ያለው ዓምድ የእትዬ ነው። «ዛሬ ፈጠነ» ወይም «ዛሬ አሰበ» ብለው በራሳቸው እጅ ይጽፋሉ፤ ቀኑን አይረሱም።